ብዙወርቅ የደበቀችው ዳቦ

ሚስቴ ብዙወርቅ ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰፈሩ የሚያወራውን ስለማውቅ ነው። ወሬውን ያስጀመርኩት እኔው ነኝ፤ ስለዚህ እኔው ልጨርሰው።

በሰባ ሰባት ድርቅ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ አሶሳ ስንመጣ እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፣ እኔ አሥራ ስድስት። እዚሁ አድገን ተጋባን። እግዜር ልጅ አልሰጠንም። አንዲት ላም፣ ጥቂት ቀፎ፣ ደጃፍ ላይ አንድ ማንጎ፤ ያለን ይኸው ነው። ብዙወርቅ ሰው ማብላት ትወዳለች። ቤቷ የገባ ሰው ሳይቀምስ ከወጣ ሦስት ቀን ታኮርፋለች፤ የሚኮረፈው ደግሞ እኔ ነኝ።

ጎረቤታችን ሳሊማ የበርታ ብሔር ናት፣ የአገሩ ልጅ። ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ፣ ምን ያህል እንደተጎዱ ለማወቅ፣ የከሱ ሕፃናትን ክንድ ስትለካ ትውላለች። ልጇን የምታሳድገው ብቻዋን ስለሆነ የሰባት ዓመቷ ዋፋ ከትምህርት ቤት መልስ የምትውለው እኛ ቤት ነበር። ዋፋ ሳቂታ፣ ወፍራም፣ አፈኛ ልጅ ናት። ብዙወርቅ «ወዘናዋን እዩልኝ» እያለች ታቅፋታለች።

አምና መስከረም ላይ ዋፋ ጉልበቷን ታመመች፤ ስትተኛም ታንኮራፋ ጀመር። ጤና ጣቢያ ስትመዘን አርባ አንድ ኪሎ ሆነች። ነርሷ ለሳሊማ «ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ ይቅር። ምግቧን በሰዓቱ ትብላ፤ ባጃጁን ትታ በእግሯ ትሂድ። ግን እንዳታስርቢያት» አለቻት። ሳሊማ በቀጥታ ወደኛ መጣች።

«ጋሽ ታረቀኝ፣ እኔ ቀን የለሁም። እናንተ ካልረዳችሁኝ ልጅ አይድንም።»

«በኔ ይሁንብሽ» አለች ብዙወርቅ፣ እኔን ቀድማ።

የኔ ሥራ ዋፋን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት በእግር መውሰድ ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን መስጊዱ ጋ ሳንደርስ ሦስቴ ተቀመጠች። «አባባ፣ እግሬ እምቢ አለኝ» ትላለች። «እኔ ሽማግሌው እየሄድኩ አንቺ ልትቀመጪ?» እላታለሁ። ከወር በኋላ በመንገዱ አንዴ ብቻ መቀመጥ ጀመረች። ከዚያ ጭራሽ ቀድማኝ ሄዳ እስክደርስባት የምትጠብቀኝ እሷ ሆነች። ልጅ ቢኖረኝ እንዲህ ነበር የምወስደው እያልኩ አንዳንዴ እንባዬ ይመጣል።

ኪሎዋ ግን ፍንክች አላለም፤ እንዲያውም ሁለት ጨመረች። ሳሊማ ግራ ገባት። ነርሷ ያለቻትን ትታ የልጅቷን እራት መቀነስ ጀመረች። ፀሐይ ስትገባ ከአጥር ወዲያ የዋፋ ልቅሶ ይሰማኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት ቀፎ ላይ ልወጣ ሄጄ ንቡን የማጨስበትን ክብሪት ረስቼ ተመለስኩ። ብዙወርቅና ዋፋ ጓዳ ተቀምጠዋል። ዳቦው ቅቤና ማር ተቀብቷል፣ ሻዩ ስኳር ነው። ብዙወርቅ የልጅቷን አፍ እየጠረገች «ለእማሽ አትንገሪ፣ እሺ?» ትላለች።

ዋፋን ውጪ ተጫወቺ ብዬ ሰደድኩና ጮኽኩባት። «ምን ነካሽ? ልጅቷን ልትገድያት ነው?»

እሷ አልጮኸችም። «ታረቀኝ፣ ወፍራም ልጅ ሲሞት አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ከዚያ በሠላሳ ዓመት ትዳር ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። በሰባ ሰባት፣ ከቤተሰቧ ጋር ወደ እርዳታ መጠለያ በእግር ሲሄዱ፣ እናቷ የሰጠቻትን ጭብጥ ቆሎ በቀሚሷ ጫፍ ቋጥራ ይዛ ነበር። ታናሽ እህቷ ሰንበቴ ስጪኝ ስትላት «አልቋል» አለቻት። ተደብቃ ብቻዋን በላችው። ሰንበቴ በማግስቱ አልነቃችም።

«ዋፋ እራበኝ ስትለኝ እንዴት አድርጌ የለም ልበላት?» አለች።

ሦስት ቀን ልነግራት እስከ ሳሊማ ደጅ እየሄድኩ ተመለስኩ። ግን በየምሽቱ ያቺ ልጅ ታለቅሳለች፤ እኛ ቤት በተበላው እዚያ እራቷ ይቀነስባታል። በአራተኛው ቀን ሄጄ ለሳሊማ ነገርኳት። የዳቦውን ብቻ ነው የነገርኳት። የሰንበቴን ታሪክ ዋጥኩት፤ እሱንም ብነግራት ኖሮ ይገባት ነበር እላለሁ ዛሬ።

ሳሊማ ዋፋን ይዛ መጣች። ብትቆጣ ይሻለን ነበር፤ አልተቆጣችም።

«እትዬ ብዙወርቅ፣ ወላሂ እኔ እራት ከለከልኩ። ልጅ እያለቀሰ ተኛ። አንቺ እያወቅሽ ዝም አልሽ?»

ዋፋ ሮጣ የብዙወርቅን ቀሚስ ያዘች። «እማማ ብዙ፣ እኔ አልተናገርኩም» አለቻት። ብዙወርቅ ቀና ብላ ያየችው እኔን ነው።

ወሬው ከአጥር አጥር ዞሮ ብዙወርቅ ልጅ ጎጂ ተባለች። ከዚያ ወዲህ ዋፋ አክስቷ ዐፊፋ ቤት ነው የምትውለው። እራቷን በሥርዓቱ ትበላለች፤ ልቅሶዋ ቀርቷል። ጠዋት ከእኩዮቿ ጋር እየሮጠች በአጥራችን ሥር ታልፋለች፤ መቀመጥ የለም። ጉልበቷም ተሽሏታል አሉ። ደስ ይለኛል። ከመንገዱ ላይ እጇን ታወዛውዝልናለች እንጂ አትገባም።

ብዙወርቅ ዛሬም ዳቦ ቆርሳ ማር ቀባች። በሩ ላይ ቆማ ዋፋ እስክታልፍ ጠበቀች። አልጠራቻትም። ልጅቷ ከዐይን ስትርቅ ዳቦውን እንደያዘች ወደኔ ዞረች።

«ታረቀኝ፣ ይሄንንም ብቻዬን ልብላው?»

ተቀበልኳትና ግማሹን ቆርሼ መለስኩላት። እሷ አልበላችም። እኔም አልወረደልኝም።