የሩጫ መንገድ ሊለካ የወጣው መምህር

ይህ የሆነው ከመንግሥት ለውጡ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ቡና በሚለቀምበት ወር፣ ሰቃ አጠገብ ነው። ልርሳው ብልም የቀኝ እጄ አንጓ ብርድ በነካው ቁጥር ያስታውሰኛል።

የምኖረው ጅማ፣ ጊንጆ ነው። ሟቹ ባለቤቴ የተወልኝ ትንሽ የቡና መሬት ግን ሰቃ ስለሆነ በለቀማ ጊዜ እዚያ ባለችው ቤቴ እከርማለሁ። የማሳ ጎረቤቴ አባ ዱራ ይባላል። ባለቤቴ ሲሞት አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነው። እኔ በማልኖርበት ጊዜ ቡናዬን የሚጠብቅልኝም እሱ ነው።

በዚያ ዓመት የአካባቢው ሰው እንቅልፍ አልነበረውም። መሬቱ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ይባል ነበር። ወሬ ብቻም አልነበረም። በክረምቱ ሁለት ሰዎች አንዲት በእጅ የምትያዝ የመለኪያ መሣሪያ ይዘው፣ በየማሳው ጥግ እየቆሙ፣ ሰላም እያሉን ሲዞሩ ሰነበቱ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ከወንዙ ማዶ ያሉ ገበሬዎች መሬታችሁን ልቀቁ ተባሉ። ከዚያ ወዲህ እጁ ላይ ያለውን ዕቃ እያየ በማሳ ዙሪያ የሚሄድ ሰው በጥሩ ዓይን አይታይም።

ዳዊት የሚባለው የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የመጣው በዚህ መሀል ነው። የሰኮሩ ከተማ ልጅ ነው። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሕንፃ ይሠራ ስለነበር ተማሪዎቹን የሚያሮጥበት ቦታ አጣ። ሞባይሉ ላይ ግን የሩጫ አፕ ነበረው። የተሮጠበትን መንገድ በመስመር ይስላል፤ በየኪሎ ሜትሩ ደግሞ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ስንት እንደተሮጠ ትናገራለች። አንድ ቀን በደጄ ሲያልፍ አሳየኝ። ይህችን ሴት ለመስማት ሲሉ ሰነፎቹ ሳይቀሩ እንደሚሮጡለት እየሳቀ ነገረኝ። በእግር መንገዳችን ላይ ቢያሮጣቸው ቅር ይለኝ እንደሆነም ጠየቀኝ። እኔ ቅር እንደማይለኝ፣ ሌሎቹን ግን እንዲያነጋግር ነገርኩት። እሺ ብሎኝ ሄደ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ተማሪዎቹ ከመድረሳቸው በፊት፣ መንገዱን ብቻውን ሊለካ ወጣ። እኔ ማድረቂያው አልጋ ላይ ቡና አሰጣ ነበር። በአባ ዱራ ማሳ ዳር ሲሮጥ፣ ጥጉ ላይ ሲቆም፣ ሞባይሉን አይቶ ሲታጠፍ አየሁት። አባ ዱራ ከለቃሚዎቹ መሀል ወጥቶ ምን እያደረገ እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቀው። ዳዊትም በኦሮምኛ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ እየለካሁ ነው አለው።

ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ከበቡት። ነገሩ አላማረኝምና ወደዚያው ሄድኩ። ሳልደርስ፣ ኪሱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ተናገረች። አንዱ ከአለቆቹ ጋር እያወራ ነው አለ። ሞባይሉን ቀሙት። በእነሱ ቡና ዙሪያ የተሰመረውን መስመር አዩ።

የመጀመሪያውን ዱላ ያሳረፈበት አባ ዱራ ነው። ጆሮው ላይ መታው። ዳዊት ወደቀ፤ ሊነሳ ሲል በመቆፈሪያ እጀታ ጀርባውን አሉት። ከዚያ ሁሉም ገባበት። የልጆቻችሁ መምህር ነኝ ይል ነበር። በጫማ አፉን ሲረግጡት ንግግሩ ጠፋ፤ ከጥርሱ ጋር ደም ተፋ። አንድ ጎረምሳ ገጀራ ይዞ ደረቱ ላይ ቆመ።

«አንተ ለካኸን አይደል? አሁን ደግሞ እኛ ቁመትህን እንለካልሃለን» አለው።

ሳቁ። የሳቁት በየቀኑ ሰላም የምላቸው ሰዎች ናቸው።

እኔ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ የማደርግ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ነጠላዬን ጣልኩ። እናት አጥብቃ ስትለምን እንደምታደርገው፣ ጡቴን በእጄ ይዤ ልጁ ላይ ተደፋሁ። በጠባችሁት ጡት አልኳቸው። አንዱ ያወረደው ዱላ እጄ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት።

«እማማ፣ ይነሱ» አለኝ አባ ዱራ። «ነገ የእርስዎንም መሬት ነው አሳልፎ የሚሰጥብዎት።» ድምፁ የሚለምን ይመስል ነበር።

«የራቢያ መምህር ነው» አልኩት። ራቢያ የአባ ዱራ ልጅ ናት።

«ራቢያን የሚያስተምር ሰው የእኔን መሬት ምን ብሎ ይለካል?»

ይህን እያለ ተማሪዎቹ በሰልፍ እየሮጡ ከቡናው መሀል ብቅ አሉ። ራቢያ ከፊት ነበረች። አባቷን ከነዱላው፣ መምህሯን ደም ውስጥ አየች። አጠገቤ ተንበርክካ በደሙ እንዳይታፈን ራሱን ወደ ጎን አዞረችው። የወደቀ ሰው እንዲህ እንደሚደረግ ያስተማራቸው ራሱ ዳዊት መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ከዚያ ቀና ብላ አባቷን አየችው።

«አባ፣ አንተ ነህ?»

አባ ዱራ ዱላውን አልጣለውም፤ ሌላ ሰው ከእጁ ወሰደው። ያቆሙት በእኔ ልመና ይሁን፣ በልጆቹ መምጣት ይሁን፣ ወይም ደክሟቸው ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

በቡና መኪና ጭነን ጅማ ሆስፒታል አደረስነው። ተረፈ። ግራ ጆሮው ግን መስማት አቆመ፤ ወደ ማስተማርም አልተመለሰም። አባ ዱራና ጎረምሳው ታሰሩ። እነሱ እስር ቤት እያሉ እውነተኞቹ ለኪዎች ከፖሊስ ጋር በመኪና መጡ። ቀኑን ሙሉ ለክተው ሄዱ። ከቤቱ የወጣ ሰው አልነበረም።

አባ ዱራ ሲፈታ ሽማግሌዎች ይዘውት ሰኮሩ፣ የዳዊት እናት ቤት ሄዱ። እኔንም ወሰዱኝ። እናቱ አስቀመጠችንና ልጄን የመታው የትኛው ነው ብላ ጠየቀች። ሽማግሌዎቹ ጥፋቱ የሁላችንም ነው ማለት ጀመሩ። አባ ዱራ ተነሳ።

«መጀመሪያ የመታሁት እኔ ነኝ» አለ።

የዳዊት እናት የውስጠኛውን ክፍል በር አሳየችው።

«እዚያ ነው ያለው። በግራው አይሰማም። በቀኙ በኩል ሆነህ ንገረው።»

ገባ። ውስጥ የተባባሉትን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ሲወጣ ደጃፍ ላይ ጫማውን ለማጥለቅ ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

መሬታችንን እስካሁን ልቀቁ ያለን ስለሌለ፣ አሁንም በለቀማ ጊዜ ሰቃ እሄዳለሁ። አባ ዱራ ቡናዬን ይጠብቅልኛል፤ ስንገናኝ ጤና እንጠያየቃለን። አልጠላሁትም። ዳዊት በሕይወት በመኖሩ አምላኬን አመሰግናለሁ። ግን ወንዶች ሰብሰብ ብለው ቆመው ባየሁ ቁጥር፣ ሰላም ከማለቴ በፊት እጃቸውን አያለሁ።