የጃርቷ ጉድጓድ

ልጅ ሳለሁ አርብ በመጣ ቁጥር ጥፋት ያጥረን ነበር። ማጥፋቱንስ እናጠፋ ነበር፤ የሚነገር ጥፋት ማግኘቱ ነበር ችግሩ። ያኔ በደርግ ዘመን አዋቂዎቹ በየስብሰባቸው «ሂስና ግለ ሂስ» ያደርጉ ስለነበር፣ እኛም የአራተኛ ክፍል ልጆች አርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ተራ በተራ እየቆምን በሳምንቱ ያጠፋነውን በገዛ አፋችን እንድንናገር ታዞ ነበር። አንዴ የተነገረ ጥፋት አይደገምም። «ጥፋት የለኝም» ያለ ደግሞ ይደብቃል ተብሎ ደወል እስኪደወል ቆሞ ይቀራል። መቼም በየሳምንቱ አዲስ ጥፋት ከየት ይመጣል?

ትምህርት ቤታችን ከማንኩሳ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ የሆነች፣ ዝናብ ሲመጣ የመምህሩ ድምፅ የማይሰማባት ቤት ነበረች። ሰኞ ሰኞ ጥፍራችንና ጸጉራችን ይታያል። ማክሰኞ ማባዣ በቃላችን እንወጣለን። ረቡዕ የእርሻ ክፍለ ጊዜ ስለሆነ ከወንዝ ውሃ እየቀዳን የትምህርት ቤቱን ጎመን እናጠጣለን፤ ጎመኑን ማን ይበላው እንደነበር እግዜር ይወቅ፣ እኛስ አልቀመስነውም። ሐሙስ የቃል ጽሕፈት ነው፤ በዚህ እኔን የሚያክል አልነበረም። ፊደሌ የተለቀመ ጤፍ ይመስል ነበር። በዚሁ ጽሕፈቴ ምክንያት የክፍሉ ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩና የአርቡን ቃለ ጉባኤ በትልቁ መዝገብ ላይ የምጽፈው እኔ ሆንኩ። እንዴት ያኮራኝ እንደነበር!

የምኖረው ከእናቴ አባት ጋር ነበር፤ አባባ እላቸዋለሁ። ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቆዳቸውን ምድጃው አጠገብ ይዘረጋሉ፣ እኔ ኩራዙን እለኩሳለሁ፣ ጭሱ የሁለታችንንም ዓይን እያስለቀሰ፣ ፍሙ እየደመቀና እየደበዘዘ፣ እሳቸው ጠፍሩን በጥርሳቸው ነክሰው ወስፌያቸውን እየወጉ እየሳቡ ተረት ይነግሩኛል። ጠፍሩ አፋቸው ውስጥ ስለሚሆን ግማሹ ቃል አይገባኝም፤ ያልገባኝን ራሴ እሞላዋለሁ። ያኔ ተረት ሁሉ ቆዳ ቆዳ፣ ጭስ ጭስ የሚል ይመስለኝ ነበር።

የአባባ አውሬዎች ደግሞ ጥፋት አያልቅባቸውም። ጦጣዋ ማሩን ሰርቃ ትበላና የፍየሏን አፍ ትቀባለች። አንድ አርብ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ጥፋት አጥቶ ላብ ሲያጠምቀው አየሁና «የእናቴን ማር በልቼ የታናሽ ወንድሜን አፍ ቀባሁ በል» አልኩት። አለ። መምህራችን ጋሽ አድማሱ፣ ጢማቸው በቅጡ ያልወጣ የፍኖተ ሰላም ልጅ፣ «ይሄ ነው ጥልቅ ግለ ሂስ!» ብለው አስጨበጨቡለት። ከዚያ ወዲያ አውሬውን እያወጣሁ ሰው እያስገባሁ ለክፍሉ ሁሉ ጥፋት አድል ጀመር። እነሱም ረቡዕ ረቡዕ የኔን ውሃ ይቀዱልኛል። ይህን ለአባባ ስነግራቸው ሳቅ አፈናቸውና ጠፍሩ ከአፋቸው ወደቀ።

«አንቺ ጸሐፌ ትዕዛዝ! አውሬዎቼን ከዱር አውጥተሽ ክርስትና አነሳሻቸው?»

ያ ዓመት ግን የሚያስቅ አልነበረም። ገበሬው ከምርቱ ለመንግሥት የሚያስገባው ኮታ ነበረበት፤ እህል ደብቆ የተገኘ ታስሮ ወደ ቡሬ ይወሰዳል፣ አንዳንዱም ቶሎ አይመለስም። በአንድ ወንበር የምንቀመጠው ከይታይሽ ጋር ነበር። ጎረቤታችን ናት፣ የአያ በላይ ልጅ፣ ውሸት ራሷ መፍጠር ቀርቶ የተሰጣትን እንኳ በወጉ የማትይዝ ልጅ። ያን ሳምንት አባባን ሳል ይዟቸው ተረት የሚባል ነገር አልሰማሁም ነበር። አርብ ጠዋት ይታይሽ «ዛሬስ ምን ልበል?» ስትለኝ «እኔ እንጃ፣ አልቆብኛል። ከራስሽ ፈልጊ» አልኳት። እሺ አለችና ሄደች።

ተራዋ ሲደርስ ቆመች። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ማክሰኞ ማባዣ እንደምትወጣው አድርጋ ተናገረች። «አባቴ በጓሮ ጉድጓድ ሲምስ አፈሩን አጋዝኩ። በቆሎውን ስንከት ለማንም እንዳትነግሪ አለኝ፣ እሺ አልኩ። አሁን ተናገርኩ። ጥፋቴ እሱ ነው።»

ጋሽ አድማሱ ጠመኔያቸውን አስቀመጡና «ደወል ተደውሏል፣ ውጡ» አሉ።

ደወል አልተደወለም ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ ሁሉ ተንጋግቶ ወጣ፤ እኔ ግን ተቀምጬ ጻፍኩት። ቃል በቃል፣ በተለቀመው ጤፌ ጻፍኩትና ጋሽ አድማሱን ተከትዬ ሮጬ «ጓድ መምህር፣ ይፈርሙልኝ» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆመው ያዩ ስለነበር ጋሽ አድማሱ ፈረሙ። መዝገቡ ወደ ቢሮ ገባ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የገበሬ ማህበሩ ጸሐፊ መጥቶ ለሊቀመንበሩ ይወስደዋል። ይታይሽን መንገድ ላይ ደረስኩባት። «አባቴን ያስሩታል?» አለችኝ። ያኔ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ።

የዚያን ቀን አመሻሽ ከአባባ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሳይቆጡ ሰሙኝ።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ? ቃሉን ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። እንደገና አስደገሙኝ።

«ሄጄ ልቅደደው?»

«ገጹ ቁጥር አለው ብለሽኝ የለ? ተይው።» ወስፌያቸውን አንስተው ቆዳውን ሁለት ሦስቴ ወጉ። «አውሬ አለበት?»

«የለበትም፣ አባባ።»

«እንግዲያውስ እናስገባበታለን።»

ሰኞ፣ ጥፍራችን ሳይታይ፣ የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር መዝገቡን በብብታቸው ይዘው፣ አንድ ጠመንጃ ያነገተ ታጣቂ አስከትለው ገቡ። ይታይሽን ወደ ፊት ጠርተው «የትኛው ጓሮ? አሳዪን» ሲሏት እንባዋ ቀደማት። ያን ጊዜ አባባ ኮርቻ ተሸክመው፣ እያሳላቸው፣ በር ላይ ደረሱ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ኮርቻዎን ላደርስ ብመጣ እዚህ ነዎት አሉኝ።»

አባባ እኚህን ሰው ከልጅነታቸው ጀምሮ አንተ ነበር የሚሏቸው። ያን ዕለት አንቱ ሲሏቸው ስሰማ ፈራሁ።

«አባት፣ ሥራ ላይ ነን» አሉ ሊቀመንበሩ፤ መዝገቡንም ገልጠው የጻፍኩትን ጮክ ብለው አነበቡላቸው። አባባ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ሰሙና «ወይ ጉድ!» ብለው ሳቁ። «የጃርቷን ተረት ሰረቀችኝ! ልጆች፣ ይሄ የጃርቷ ጉድጓድ አይደለም እንዴ?»

እንዲህ ያለ ተረት አልነበረም። ከአውሬዎቻቸው ሁሉ ጃርት የምትባል ሰምቼ አላውቅም። ልጆቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩ፤ ተረት የማድላቸው እኔ ነኛ። ታጣቂውን አየሁ፣ ይታይሽን አየሁ።

«ነው!» አልኩ።

«ነው!» አለ ክፍሉ በሙሉ።

«እኔም ሰምቻታለሁ» አሉ ጋሽ አድማሱ።

«እስቲ ይንገሩና እንስማው» አሉ ሊቀመንበሩ። አባባ ኮርቻውን መሬት ላይ አስቀምጠው ተቀመጡበት። አያ አንበሳ ከየአውሬው ቤት ድርሻዬን እያለ ሲያስመጣ፣ እመት ጃርት በጓሮዋ ጉድጓድ ማሰች፤ ልጇ አፈሩን አጋዘች፤ በቆሎውን ሲከቱ ለማንም እንዳትነግሪ ብትላት እሺ አለች። ቃሉ ከመዝገቡ አንድም አልጎደለ። ሊቀመንበሩ በጣታቸው መስመር በመስመር ይከተሉ ነበር። ልጅቱ አምልጧት ተናገረችና አንበሳ መጣ።

«"ከኔ ደበቅሽ?" ቢላት፣ "ኧረ ጌታዬ፣ ከክረምቱ ነው የደበቅኩት" አለችው። "ክረምት ሲገባ ልጄን ይርባታል፤ የአንቱንም ልጆች ይርባቸዋል። ዛሬ ቢያወጡት ዛሬ ያልቃል" አለችው።»

«አንበሳውስ ምን አለ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እሱን ለአንበሳው ትቼለታለሁ» አሉ አባባ።

ሊቀመንበሩ ሪዛቸውን እየጠቀለሉ ቆዩ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ? ተረት ከሆነ ተረት ነው ተብሎ ይጻፋል እንጂ! ጨምሪበት።» መዝገቡን ተቀብዬ ከሥሩ «ከላይ የተገለጸው ተረት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ያን ዕለት ፊደሌ ጤፍም ገብስም አልመሰለ። ሊቀመንበሩ ኮርቻቸውን ለታጣቂው አሸክመው ወጡ። ይታይሽ ቦታዋ ተመልሳ እጄን ያዘች፤ እስከ ምሳ አልለቀቀችኝም።

በዚያው ክረምት የየቤቱ ጎተራ ሲራቆት አያ በላይ ጉድጓዳቸውን ከፍተው ለጎረቤቱ በቁና በቁና አደሉ። ሊቀመንበሩም ቤት ደርሷል። ይህን ያወቅኩት የኮርቻቸው መቀነት ተበጥሶ ከአባባ ጋር ልንሰፋ የሄድን ቀን ነው፤ ባለቤታቸው የበቆሎ ንፍሮ አቀረቡልን። የጉድጓድ እህል ሽታውን አይለቅም፤ ንፍሮው አፈር አፈር ይል ነበር። ቆም አልኩ። አባባ ዘግነው እያላመጡ «ብይ እንጂ፣ ተረት ነው» አሉኝ። ሊቀመንበሩ ሳቃቸው መጣና መልሰው ዋጡት።

አባባ ካለፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ተረቶቻቸው አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል፤ ጦጣዋ ፍየሏን ቀብታ ምን እንደገጠማት እንኳ አላስታውስም። ጽሕፈቴ ግን አልተወኝም፤ ዛሬም በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። አንዳንዴ አንድ የዋህ ሰው ይነሳና ችግር ላይ ሊጥለው የሚችል ነገር ይናገራል፤ ሁሉም ወደ እስክሪብቶዬ ያያል። ያን ጊዜ የፍኖተ ሰላሙን ልጅ፣ ጋሽ አድማሱን፣ ጠመኔያቸውን ሲያስቀምጡ አያቸዋለሁ። ያን አርብ አልሰማኋቸውም። አሁን ግን «ደወል ተደውሏል» እላለሁ በልቤ፣ እስክሪብቶዬንም አስቀምጣለሁ።