ከጎፋ እስከ ብስራተ ገብርኤል፦ ሕመሜ ስሙን ያገኘበት ቅዳሜ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጎፋ

ይሄም ጉዞ ሆኖ ይጻፋል ትሉኝ ይሆናል። ከጎፋ መካኒሳ አቦ፣ ከዚያ ብስራተ ገብርኤል፣ ከዚያ ቤቴ፤ በቃ። እኔ ግን ጎንደርም ሐረርም ሄጃለሁ፣ ልቤ እንደዚያ ቅዳሜ የዘለለበት መንገድ ትዝ አይለኝም።

ያስነሳኝ ሽንቴ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሲያቃጥለኝ፣ ሲያጣድፈኝ፣ ከእምብርቴ በታች ሲወጋኝ ከረመ። ባለቤቴ ሰላማዊት ስትጠጋኝ ሕመሙን ፈርቼ እሸሻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከሴት ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ስለነበር፣ ብነግራት የማላውቀውን ኃጢአት ትጭንብኛለች ብዬ ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች፤ ኋላም ከልጃችን ጋር መተኛት ጀመረች። ያን ቀን ስወጣ የት ትሄዳለህ እንኳ አላለችኝም። ትዳሬ ከእጄ እያመለጠ እንደሆነ ገባኝ።

ሦስት ሰዓት፣ መካኒሳ አቦ

ካልጠጣሁ ሽንቴ አይመጣም ብዬ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አልቀመስኩም። አልሠራም። ግማሽ መንገድ ላይ "ወራጅ አለ" ብዬ ከታክሲው ዘልዬ አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሁኔታዬን አይታ ሳልጠይቃት የሽንት ቤቱን ቁልፍ ሰጠችኝ። እግዜር ይስጣት።

የሄድኩት የቀለም ሱቅ ያለው ወዳጄ ደረጀ ዘንድ ነው። እሱም አምና እንደኔ አሞት ነበርና "ብርድ ነው" ብሎ የተረፈውን ካፕሱል ሰጥቶኝ ነበር። ሦስት ቀን ወስጄ ሲሻለኝ አቆምኩና፣ ለሚታመም ሰው ይሆናል ተባብለን ቀሪውን መለስኩለት። አሁን ሲያገረሽብኝ ያንኑ ልወስድ ነው የመጣሁት።

"የለም፣ ወስጄዋለሁ" አለኝ ፊቱን ወደ ቀለም ቆርቆሮዎቹ አዙሮ። "እኔም እኮ አልተሻለኝም።"

ተያየን፤ ከዚያ ሳቃችን መጣ። ሱቁን ዘግተን ወጣን።

አምስት ሰዓት፣ ብስራተ ገብርኤል

ክሊኒኩ ውስጥ ሽንት ሰጥተን ወረፋ ያዝን። ደረጀ ቀድሞኝ ገባ። ሲወጣ ምን አደረገህ ብዬ ብጠይቀው "ግባና እየው" ብቻ አለኝ። ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ በጎንህ ተኛ ሲለኝ ነገሩ ገባኝ። ከኋላ በጣቱ መረመረኝ፤ አንድ ደቂቃም አልፈጀ፤ በዚህ ለሚታወቅ ነገር ነው ሁለት ወር የተሰቃየሁት?

ከዚያ ወረቀት ላይ ሣለልኝ። ከፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧን ከብባ የምትቀመጥ ትንሽ ዕጢ አለች፤ ፕሮስቴት ትባላለች። ስትቆጣ ታብጣለች፣ ሽንትን ታውካለች። እኔ ዘንድ የሽንት ባክቴሪያ ነው ያስቆጣት፤ ደረጀ ላይ ግን ባክቴሪያ ስላልተገኘ ሕክምናው ሌላ ነው። ለካ የአንዳችንን መድኃኒት ለሌላው ስንሰጥ በጨለማ ነበር የምንሄደው! መድኃኒቱን በሦስት ቀን ማቋረጤም ተህዋሱን እንዲያገረሽ ረድቶታል፤ የታዘዘልኝን ለሳምንታት ሳላቋርጥ እንድወስድ፣ ውሃ እንድጠጣ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ሳልውል ሳላድር እንድመለስ አስጠነቀቀኝ።

አንገቴን ደፍቼ የፈራሁትን ጠየቅሁት።

"ምርመራህ የአባላዘር በሽታ አላሳየም" አለኝ። "ይህ ታማኝ ባልንም ይይዛል።"

ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤት

ሰላማዊትን አስቀምጬ ሥዕሉን እያሳየሁ ሁሉንም ነገርኳት።

"ሁለት ወር ሙሉ የትኛዋ ሴት ናት ብዬ ስልክህን ስፈትሽ" አለች፣ "አንተ ሽንት ቤት ነበርክ?"

ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ልቅሶ ሆነባት። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርም። የዚያ ቀን ትምህርቴ አጭር ነው፤ ሐኪሙ ዘንድ ከመሄዴ በፊት፣ ደረጀም ዘንድ ከመሄዴ በፊት መንገር የነበረብኝ ለእሷ ነው።

ዓይኗን ጠርጋ ቀጠሮዬ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ማክሰኞ አልኳት።

"ማክሰኞ እኔም እሄዳለሁ" አለች። "ብቻህን መታመም ይብቃህ።"