ጥይቱ ስለ እናታችን የጻፈው

ቁልፍ ሠሪ ነኝ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማታስቆም ሱቅ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የቁልፍ ጥርስ ሞርጃለሁ። ግን አንድም ደንበኛ «ቁልፍ ሠሪው» ብሎኝ አያውቅም፤ «የጥይቱ ወንድም» ነኝ። ጥይቱ ታላቄ ነው። አሥራ አራት ዓመት በትልቅ ክለብ ተጫውቶ ጫማውን ሰቀለና፣ አሁን ደግሞ የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። እግሩ አልበቃው ብሎ በእጁም መጣብኝ።

አልደብቅም፣ እቀናበታለሁ። መጽሐፉን የገዛሁትም ራሴን ልፈልግ ነው። ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ ገጽ በገጽ ስገልጥ ዋልኩ። የመጀመሪያ መኪናው ሁለት ገጽ ይዛለች። ውሻው አንድ ምዕራፍ ሙሉ ተሰጥቶታል። እኔ ያለሁት በፎቶ ነው፤ የሰፈራችንን ቡድን ማልያ ለብሼ አጠገቡ ቆሜ ነበር፣ ከዳር ቆርጠውኝ ትከሻዬ ብቻ ቀርቷል። እናታችን ደግሞ ገጽ አርባ አንድ ላይ አንዲት መስመር አግኝታለች፦ «እናቴ ጠንካራ ሴት ነበረች።» ሴትዮዋን በቁሟ ቀበራት።

እናታችን የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ዓይኗ ፊደል መለየት ካቆመ ስድስት ዓመት ሆኖታል። መጽሐፉ መውጣቱን ከጎረቤት ሰምታ ኖሮ፣ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር «አላመጣኸውም?» ትለኝ ጀመር። እሑድ ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እስቲ ስለ እኔ ያለውን አንብብልኝ።»

እውነቱን ለመናገር ይህችን ቀን ስጠብቃት ነበር። ያቺን አንድ መስመር አነብላትና መጽሐፉን እዘጋዋለሁ፤ ዕድሜ ልኳን «የኔ ጥይት» ስትለው የኖረችው ልጇ ማን እንደሆነ ትየው። መድኃኒቷን በሰዓቱ የሚሰጣት ማን እንደሆነም ያኔ ይገባታል። ገጹን ገለጥኩ። ጆሮዋን ወደ እኔ አስጠጋች።

«እናቴ ጠንካራ ሴት...» አልኩና «ነበረች» ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

ከዚያማ ምንም የለም። ፊቷን አየሁት፤ አላስቻለኝም። ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ ከራሴ ማውጣት ጀመርኩ።

«...ናት። ጨዋታ ባለን ቀን ከሥራዋ አስፈቅዳ ትመጣለች። መጥታ ግን ሜዳውን አታይም። እግሬን የሚሰብሩኝ ስለሚመስላት፣ ተጠባባቂዎቹ ከሚቀመጡበት አግዳሚ አጠገብ ለሜዳው ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። የምታየው የተመልካቹን ፊት ነው። ሰው ሲስቅ አብራ ትስቃለች። ሰው ከተነሣና ከጮኸ የጃኬቷን እጅጌ ትነክሳለች። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ እስኪነፋ ዞር አትልም። ከዚያ ማን አሸነፈ ብላ ሳትጠይቅ እግሬን ከጉልበቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ትዳስሰኛለች።»

ይህን ጥይቱ አያውቀውም። ከየት ያውቀዋል? እሱ ሜዳ ውስጥ ይሮጥ ነበር። እኔ ነኝ ሦስት ዓመት ያንን አግዳሚ ሳሞቅ የኖርኩት፤ ከኳስ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር እሷን ማየት ነው። እሱ ዋንጫ አለው፣ ቤት አለው፣ ስም አለው። ለእኔ ብቻ የቀረችኝን ይህችን አንዷንም በገዛ አፌ ሰጠሁት።

እናቴ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

«አየህ» አለችኝ፣ «እየሮጠ፣ ያን ሁሉ ሰው እያለፈ፣ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ እንኳ ልብ አላልከኝም።»

«ልጅ ነበርኩ፣ እማዬ።»

«እሱስ ልጅ አልነበረም?» አለች። «በል፣ ከመጀመሪያው ድገምልኝ።»

ደገምኩላት።