መጋረጃ ሰፊዋና እኩልታ

መጋረጃ ሰፊዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ልጅቷም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ የውሎዋን ሁሉ ለእናቷ ትዘከዝክ ነበር፤ እኩልታ የሚባል ትምህርት እስኪመጣ ድረስ።

"እማ፣ ጥያቄውን በእኩልታ ጻፉ ይሉናል። ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ" አለች አንድ ቀን።

ሰፊዋ ደብተሩን አገላብጣ አየችው። ቁጥሩንስ ታውቀዋለች፤ በቁጥሮች መሃል የተሰነቀረችው ኤክስ ግን ምን ልትሠራ እንደመጣች አልገባትም። "አክስትሽን ጠይቂያት" አለቻት። ኋላ ላይ 'ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው' አለች።

አክስትየዋ የሰፊዋ ታናሽ እህት ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከሥራ ስትወጣ ጎራ እያለች ማስጠናት ጀመረች። ሁለቱ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ገርበብ ያደርጉና መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ሳቅ ይሰማል። ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ ጆሮዋን ትጥላለች። ገበታ ላይ ሲቀርቡም ወሬው ሁሉ "አክስቴ እንዲህ አለች፣ አክስቴ እንዲያ አለች" ሆነ። አንጀቷ አረረ። አምጬ የወለድኳት እኔ፣ የምትስቀው ከእሷ ጋር!

አንድ ቅዳሜ ልጅቷ፣ "አንቺም እንደ አክስቴ ቢገባሽ ኖሮ..." ብላ ጀመረችና ዋጥ አደረገችው። የዚያኑ ዕለት ሰፊዋ እህቷን በር ላይ ጠበቀቻት።

"ልጄ ደክሟታል። ከእንግዲህ አትልፊ።"

እህቷ ፊቷ ልውጥ አለ፤ ከበሩ ተመልሳ ሄደች።

ሳቁ ቀረ። ልጅቷ ግን ወደ እናቷ አልተመለሰችም፤ ደብተሯን ታቅፋ ማኩረፍ ሆነ ሥራዋ። ሰፊዋ ይህን አልቻለችውም። መድኃኒት ቤት ሄዳ ገዢው እስኪወጣ ቆመችና፣ "ያንን ነገር ለእኔም አስረጂኝ" አለች።

"እትዬ፣ ቀንተሽ ነው አይደል?"

"አዎ፣ ቀንቼ ነው። በይ አስረጂኝ።"

እህቷ ባዶ ካርቶን ገልብጣ እስክሪብቶ አነሳች። "ለሁለት እኩል መስኮትና ለአንድ በር አሥራ አንድ ሜትር ጨርቅ ወጣ። ሦስቱን ሜትር በሩ ወሰደው። የማታውቂው ምኑን ነው?"

"አንዱ መስኮት የወሰደውን።"

"እሱን ኤክስ በይው። አሁን የወጣውን ሁሉ ጻፊ።"

ሰፊዋ አሰብ አድርጋ፣ ኤክስ ሲደመር ሦስት ብላ ጻፈች።

"ሁለተኛው መስኮት ራቁቱን ሊቀር ነው?"

ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት። አስተካክላ ጻፈችው፦ 2x + 3 = 11።

"አየሽ፣ በግራ በኩል ጨርቁ ለምን ለምን እንደዋለ ተነገረ፤ በቀኝ በኩል ጠቅላላው። ያው አንድ ጨርቅ ነው፣ ሁለት ጊዜ ተነገረ። ለዚህ ነው እኩል ነው የምንለው። ከሁለቱም ወገን ሦስት ቀንሺ።"

"ሁለቱ መስኮት ስምንት፤ አንዱ አራት" አለች ሰፊዋ። ቀና ብላም፣ "ማታ ቤት ነይ" አለቻት።

ማታ ሦስቱም አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። ልጅቷ አዲስ ጥያቄ ሲገጥማት ቀድማ የዞረችው ወደ አክስቷ ነው፤ ሁለቱም እንደ ልማዳቸው ሹክሹክታ ጀመሩ። ሰፊዋ አሁንም ቀናች። ወንበሯን ግን ጠጋ አደረገችና፣ "ጮክ በሉ እንጂ፣ እኔም ልስማ!" አለች።