ከማማ ከቢራ ጋር ባስራ ስንጫወት

ሳዑዲ፣ ደማም ውስጥ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ያለው ሰዓት የማንም አይደለም። ፀሐዩ ከመጋረጃው ጀርባ ነጭ ሆኖ ይቆማል፣ ኤሲው ያንጎራጉራል፣ ማዳም ከልጆቿ ጋር ትተኛለች፣ አል ፈይሰሊያ ሰፈሩ በሙሉ ውሃ ውስጥ የሰጠመ ይመስላል። እኔ ቀን መተኛት አልችልም። ልጅ ሆኜም አልችልም ነበር፤ እግሬ አርፎ አይቀመጥልኝም። ማማ ከቢራም አይተኙም።

ማማ ከቢራ የማዳም እናት ናቸው። ትልቋ እናት ማለት ነው። እኔ ወደዚህ ቤት የመጣሁት እሳቸውን እንድንከባከብ ነው። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ሶፋቸው ላይ ከፍ ብለው ይቀመጣሉ፣ እኔ ከታች ምንጣፉ ላይ፣ መሀላችን የሻይ ጠረጴዛ። ከዚያ ካርታው ይወጣል።

ጨዋታው ባስራ ይባላል፣ የሁለት ሰው ነው። አራት ካርታ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፣ ለእያንዳንዳችን አራት አራት ይታደላል። ተራሽ ሲደርስ አንድ ትጥያለሽ። የጣልሽው ጠረጴዛው ላይ ካለው ጋር በቁጥር ከገጠመ ታነሽዋለሽ፤ ሁለት ካርታ ተደምሮ ያንቺን ከሞላም ሁለቱንም ታነሻለሽ። ካልገጠመ የጣልሽው እዚያው ይቀርና ለሌላው ሲሳይ ይሆናል። ጠረጴዛውን ባንዴ ባዶ ካደረግሽ «ባስራ!» ትያለሽ፣ አስር ነጥብ ታገኛለሽ። መቶ አንድ ቀድሞ የሞላ አሸነፈ።

አሁን ስጽፈው ቀላል ነው። ማማ ከቢራ ግን ሕግ አስቀድሞ መንገር የሚባል ነገር አያውቁም። ሕጉን የምማረው ስጥሰው ነበር። «ማፊ!» ይላሉ፣ የለም ማለታቸው ነው፣ እጄን በመቁጠሪያቸው ጫፍ መታ አድርገው። ጃክ ሁሉን ጠርጎ እንደሚወስድ ያወቅኩት ጠርገው ሲወስዱብኝ ነው። በጃክ መጥረግ ባስራ እንደማይባል ያወቅኩት ደግሞ እኔ ጠርጌ ስጮህ ነው። ሰባት ቁጥር ዳይመንድም እንደዚሁ ትጠርጋለች፤ እሷ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለው ተደምሮ ከአስር ካልበለጠ ባስራ ትሆናለች። ይህንንም ያወቅኩት በራሴ ላይ ሲደርስ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ተሸነፍኩ። እውነቱን ለመናገር ግድም አልሰጠኝም። እንደ ሕልም ያለ ሰዓት ነበር። ካርታው እንደ ቅጠል ይረግፋል፣ ይነሳል፣ ይረግፋል፣ ሙአዚኑ የተሲያቱን ሶላት፣ አስርን፣ ሲጣራ ሁለታችንም ከሩቅ ቦታ እንደተመለሰ ሰው እንባንናለን።

ግድ የሰጠኝ እህቴ ልትሄድ ስትል ነው። ታላቅ እህቴ ኾበር ነው የምትሠራው፣ አል ዑለያ፣ አንድ አፓርታማ አራተኛ ፎቅ ላይ። በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሁለት ዓመት ግን አልተያየንም፣ በስልክ ብቻ። ኹሩጇ ወጣ፣ የመውጫ ቪዛዋ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አገሯ ትገባለች። እኔ ደግሞ መቼ እንደምገባ አላውቅም።

ማዳምን ጠየቅኳት። «ሾፌሩ ሥራ አለው። ብቻሽን ደግሞ አትወጪም፣ ሙሽኪላ ነው፣ ጣጣ ያመጣል» አለችኝ፣ ከስልኳ ቀና ሳትል።

ማማ ከቢራን ጠየቅኩ። ካርታውን እየበወዙ ሰሙኝ።

«አሸንፊኝ» አሉ። «ካሸነፍሽኝ ጁምዓ ራሴ እወስድሻለሁ።»

«ማማ፣ እህቴ እኮ ናት!»

«ሁለት ዓመት ዝም ብለሽ ትሸነፊልኛለሽ። ሰለቸኝ። እህትሽን ከፈለግሻት ተጫወቺ።»

በንዴት ሳህን ልሰብር ነበር። ግን ተጫወትኩ። ዘጠኝ ቀን ተጫውቼ ዘጠኝ ቀን ተሸነፍኩ። ሳህን ሳጥብ በአረፋው ውስጥ ቁጥር ይታየኛል። የመታጠቢያ ቤቱ ሰድር ሁሉ ካርታ ይመስለኛል፤ አምስቱን በሦስትና በሁለት አነሳዋለሁ። የወጡትን ጃኮች በልቤ መያዝ ለመድኩ፣ ትንንሾቹን ባንዴ አለመጣል ለመድኩ። ምንም አልረዳኝም። እሳቸው እኔ የምፈልገውን ካርታ ለይተው ያነሱታል፣ ልቤን የሚያነቡ ይመስል።

በአስረኛው ቀን ስልኬን በአበባ ማስቀመጫው ላይ አስደግፌ እህቴን በቪዲዮ ደወልኩላት። ካርታ ታውቃለች፣ ሰፈር ውስጥ ወንዶቹን ስታበሳጭ ነው ያደገችው። እሷ ኩሽና ቁጭ ብላ ባሚያ ትቆርጣለች፣ እኔ እጫወታለሁ። ማማ ስልኩን ገልመጥ አድርገው ካርታቸውን ጣሉ። አማርኛ አይሰሙም።

ሦስት ካርታ ሳልጥል እህቴ ሳቋን ለቀቀችው።

«ምን ያስገለፍጥሻል?»

«እጅሽን! እጅሽን እዪው አንቺ ጅል! ካርታ ነው የምትጥይላቸው ወይስ ጠላ ነው የምትቀጂላቸው?»

አየሁት። ቀኝ እጄ ካርታ ሊጥል ሲዘረጋ ግራ እጄ ክንዴን ሊደግፍ ተከትሎ ይሄዳል። እናታችን ለትልቅ ሰው አቀራረብ ስታስተምረን እንዲህ ነበር፤ ያልደገፈች እጅ ቁንጥጫ ይጠብቃታል። ካርታዎቼ ደግሞ በግራ እጄ ናቸው። ክንዴን ልደግፍ እጄ ሲገለበጥ ፊታቸው ወደ ላይ ይዘረጋል። ከላይ ሶፋው ላይ ማማ ከቢራ አሉ።

ሁለት ዓመት! ለእያንዳንዱ ተራ!

ልተወው ሞከርኩ። እምቢ አለ። አእምሮዬ ይከለክላል፣ እጄ አይሰማም፤ እሳቸው ፊት ክንዴ ራቁቱን የወጣ ያህል ያሳፍረኛል። «ካርታዬን ምንጣፉ ላይ ደፍቼ ልጫወት?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ማፊ። ካርታ በእጅ ነው።»

«የት ነው ይሄ ሕግ ያለው?»

«እዚህ» አሉ፣ ደረታቸውን እየነኩ።

«በቃ ደግፊ» አለች እህቴ ከስልኩ ውስጥ። «የምታሳያቸውን ግን አንቺ ምረጪ።»

እህቴ የምትበረው እሑድ ነበር። የቀረችን አንዲት ጁምዓ ናት። ሐሙስ ቀን ስንጫወት እሳቸው ዘጠና ሰባት፣ እኔ ዘጠና ሁለት ደረስን። የመጨረሻው እደላ ላይ ሰባት ዳይመንድ መጣችልኝ። ከንጉሡ ጀርባ ልክክ አድርጌ ደበቅኳት። ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ስምንት፤ ከላይ የሚታዩት ሦስት ናቸው። ክንዴን እንደ ወትሮው ደገፍኩ፣ እንዲያውም ረዘም አድርጌ። ዓይናቸው ወርዶ ሲመለስ አየሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስትና ሁለት ቁጥር አሉ። እሳቸው ሳይጨነቁ አራት ጨመሩ። በቀጣዩ ተራ በጃክ ሊጠርጉት አስበዋል፤ በእኔ ስምንት ምንም እንደማላነሳ አውቀዋላ።

ሰባቷን ጣልኩ።

«ባስራ!»

«ማፊ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰባት ትጠርጋለች እንጂ ባስራ አትሆንም።»

«ባለፈው እርስዎ ሲያደርጉት ሆና ነበር። ከአስር ካልበለጠ ባስራ ነው ብለዋል። ይደምሩት።»

በጣታቸው ነኩት። ሦስት። ሁለት። አራት። ዘጠኝ። ከዚያ ግራ እጄን ትኩር ብለው አዩት።

«ማን ነገረሽ?»

«እህቴ። ማማ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ ታሳይኛለሽ፣ እኔ ዓይኔን ልጨፍን?» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። «ኸላስ፣ በቃ። ጁምዓ።»

ጁምዓ ዕለት ማዳም በር ላይ ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር ልትል ጀመረች። እናቷ ሾፌሩን ጠሩት።

ኾበር ኮርኒሽ፣ ከእህቴ ጋር የተቀጣጠርንበት የባሕር ዳርቻ፣ ስንደርስ ፀሐዩ ለስልሶ ነበር። ባሕሩ አይንቀሳቀስም፣ ብርሃኑ ላዩ ላይ እንደ ዘይት ፈሷል። ሴቱ ሁሉ ጥቁር አባያ ለብሷል፤ እህቴ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አቃተኝ። ማማ መኪናው ውስጥ መስኮት ከፍተው ቀሩ፤ «እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ» አሉኝ። ከጥቁሩ መሀል አንዷ እጇን አነሳች።

«ወፍረሻል» አልኳት፣ ሰላም ሳልላት።

«አንቺ ደግሞ አፍሽ አልከሳም!»

ተቃቀፍን። ፊቷን ሳየው አፈርኩ፣ እሷም አፈረች። ሁለት ዓመት ድምፅ ብቻ ነበርና፣ ፊት ለፊት የቆመችው ሴትና በስልክ የማውቃት እህቴ አልገጥም አሉኝ። እሷ ወደ ባሕሩ ዞረች። እኔም ከጎኗ ዞርኩ። ትከሻዋ ትከሻዬን ነካ። ሳንተያይ ስንሆን ድምፅዋ መጣ፣ ያው የማውቀው፣ እንደ ስልኩ፣ ግን ሙቀት ያለው።

«ለእማዬ ምን ልበላት?» አለችኝ።

ብዙ ነገር አሰብኩ። ከመኪናው በኩል ጥሩንባ ጮኸ፣ አንዴ፣ አጭር።

«አየኋት በያት» አልኳት።