አራቱንም ጠርዝ የሰፋሁት የጠረጴዛ ልብስ

የልጄ ፍቅረኛ ቤተሰቦች ቅዳሜ ሽማግሌ ይዘው እሷን ሊጠይቁ እንደሚመጡ የሰማሁ ቀን፣ መጀመሪያ ያሳሰበኝ ጠረጴዛዬ ነበር። እዚህ ኬንያ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ያለው የሳሎናችን ጠረጴዛ መሃሉ ላይ የትኩስ ድስት ጠባሳ አለበት። ድስቱን ያስቀመጠው ባለቤቴ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን "ስንገዛውም ነበረበት" ይላል።

ጠባሳውን የሚሸፍን፣ በሁለቱም ፊት የሚነጠፍ ረጅም የጠረጴዛ ልብስ ልሰፋ ተነሳሁ። አንዱ ፊት ባለ ጥለት፣ ካሮጌ የሐበሻ ቀሚሴ የተቆረጠ፤ ሌላው ከኢስሊ ገበያ የገዛሁት ኪቴንጌ፣ የአገሬው ደማቅ ጨርቅ። እውነቱን ልናገር፣ ሐሳቤ ጥለቱን ከላይ አንጥፌ ልጅቷ የማን እንደሆነች ላሳያቸው ነበር። ልጁ ኬንያዊ ነው። ጨዋ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። ግን ፈርቼ ነበር። የልጅ ልጆቼ ተረቤ ሳይገባቸው ሲያድጉ ታየኝ፤ ያለ ተረብ ደግሞ እኔ ምኑን አያት ሆንኩት?

ልጄ የፈራችው ሌላ ነው።

"ማሚ ፕሊስ፣ ዳዲ 'ተማክረን እንነግራችኋለን' እንዳይላቸው። ኖ ያላቸው ነው የሚመስላቸው።"

ወጋችን ነዋ! ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ሌላ ቀን ተቀጥሮ ይመለሳል። አባቷ ደግሞ ያቺን ንግግር ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ሲለማመዳት ከርሟል።

ቀጠሮው ለስምንት ሰዓት ነበር። እኔ በሐበሻ ልማድ ዘጠኝ ተኩል ይመጣሉ ብዬ ስፌቴ ላይ ነኝ። ልክ ስምንት ሰዓት ሲል በሩ ተንኳኳ። እንዲህ ያለ ልብስ በግልባጩ ይሰፋና አንዱ ጠርዝ ላይ እጅ የሚያስገባ ክፍት ይተውለታል፤ በዚያ ተስቦ ይገለበጣል። እኔ በችኮላ አራቱንም ጠርዝ ዘግቼዋለሁ። ጥለቱም ኪቴንጌውም ውስጥ ቀሩ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለ ባለቤቴ፣ እና እንግዳ ሊቀበል ሄደ። መርዳቱ ነው።

የልጁ እናት ገብታ ሰላም ስትለኝ ጨርቁን ከኋላዬ ደብቄው ነበር። አየችው። ከእጄ ተቀብላ ጠርዙን ዙሪያውን ዳበሰችው፣ የሠራሁት ገባትና ሳቀች። አፈርኩ። ከዚያ እኔም ሳቄ መጣ። ከቦርሳዋ የጥፍር መቀስ አውጥታ "ፖሌ ፖሌ" እያለች፣ ቀስ በቀስ ማለት ነው፣ ስፌቱን አንድ ጋት ያህል ተረተረችው። የመጀመሪያ ትራሷን እሷም እንዲሁ ዘግታ ሰፍታው እንደነበር ልጄ አስተረጎመችልኝ። ጨርቁን ስበን ገለበጥነው፤ ክፍቱን እኔ ከወዲህ እሷ ከወዲያ በመርፌ ዘጋነው። የእሷ ስፌት ከእኔ ይሻላል። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩትም።

ስናነጥፍ ጥለቱን ወደ ላይ አደረገችው። ሳምንቱን ሙሉ ያንን ስመኝ የከረምኩት ሴትዮ "ኧረ አይሆንም" ብዬ ወደ ኪቴንጌው ገለበጥኩት። መለሰችው። ገለበጥኩት። ሽማግሌዎቹ ቆመው ያዩናል፤ ተቀመጡ ያላቸው እንኳ የለም። በመጨረሻ መዳፏን ጥለቱ ላይ አሳርፋ አላነሳም አለች። ተሸነፍኩ።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው የመጡበትን ተናገሩ። ባለቤቴ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጄ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ የምታየው እሱን ሳይሆን እኔን ነበር።

"እንግዲህ ተማክረን..." ሲል ጀመረ።

"ተማክረናል" አልኩት።

ዞሮ አየኝ። "መቼ?"

"አሁን፣ ስንሰፋ።"

ልጄ ይህን ታስተረጉምላቸው ጀመረችና ሳቅና እንባ ቀድሟት መጨረስ አቃታት።